ለንደን ያላችሁ፦ እህቴን ከነልጆቿ ዛሬ ማታ የት ልውሰዳት?

ጭንቅ ላይ፦ እባካችሁ ቶሎ። እህቴ ፊቷ አብጦ ከሁለት ልጆቿ ጋር ሳሎኔ ተቀምጣለች። ባሏ ቤቴን ያውቀዋል። ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ስንደውል "ቪዛዋ ቤኔፊት (የመንግሥት ድጎማ) አይፈቅድም፣ መጠለያ አይቀበላትም" አሉን። ትልቁ ልጅ ደግሞ ወንድ ነው፣ 14 ዓመቱ። መንግሥት የሚከፍልባቸው የሴቶች መጠለያዎች አሉ አይደል? አድራሻ ስጡኝ፣ በታክሲ አደርሳታለሁ።

ሸገር ማዶ፦ አድራሻውን የሚያውቅ እንኳ አይነግርህም፤ ሚስጥር የሆነው እንደ ባሏ ላለው ነው። 0808 2000 247 ደውሉ፣ የቤት ውስጥ ጥቃት የእርዳታ መስመር ነው፣ ነጻ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል። ስልኩን ለራሷ ስጣት፣ አስተርጓሚ ትጠይቅ። ሰውዬው በሩ ላይ ከመጣ ግን ፖሊስ፣ 999።

ጋሽ መካሪ፦ ልጆቼ፣ ትዳር በአንድ ሌሊት አይፈርስም። መጀመሪያ ሽማግሌ ይላክ፣ የንስሐ አባታቸው ይጠሩ። ነገሩ ፈረንጅ እጅ ከገባ ቤተሰቡ ተበተነ ማለት ነው።

ቡና ቁርስ፦ ጋሼ፣ ሽማግሌ የሚላክ ከሆነ እርስዎ ይቅደሙ። የሞተር ሄልሜት ግን እንዳይረሱ 😅 ወንድም፣ የልጁ ነገር እውነት ነው፣ ትልልቅ ወንዶች ልጆችን የማይወስዱ መጠለያዎች አሉ። ዕድሜው ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለየብቻ ፍላት ያላቸው ይሻላሉ፣ ስለዚህ ዕድሜውን ገና ከመጀመሪያው ንገሯቸው።

ማሚ፦ 0808 2000 247 ደውሉ!!

ሸገር ማዶ፦ እህቴ፣ ከላይ ጽፌዋለሁ እኮ።

ሕግ ቀመስ፦ ቆይ፣ በምን ቪዛ ነው የመጣችው?

ጭንቅ ላይ፦ በባሏ። እሱ እዚህ ዜጋ ነው። ፓስፖርቷንም ደብቆታል።

ሕግ ቀመስ፦ ዋናውን ነገር አሁን ትነግረናለህ? የመጠለያ ኪራይ በአብዛኛው የሚከፈለው በሃውሲንግ ቤኔፊት (በቤት ኪራይ ድጎማ) ነው፣ እምቢ የሚሏት ለዚህ ነው። በባሏ ቪዛ መጥታ ከጥቃት ለሸሸች ሴት ግን ሆም ኦፊስ (ቪዛ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ቤኔፊት የሚያስወስድ የ3 ወር ፈቃድ አለው፣ ማመልከቻው አይከፈልበትም። ግን ፈቃዱ ሲሰጣት በባሏ ያገኘችው ቪዛ ይሰረዛል፣ በ3ቱ ወር ውስጥ የቋሚ መኖሪያ ማመልከት አለባት፤ ስለዚህ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክር እንዳትሞላ። ለዛሬ ማታ ደግሞ የካውንስሉን የልጆች ሶሻል ሰርቪስ ጠይቁ፣ ሌሊት ተረኛ አላቸው። በ1989ኙ የሕፃናት ሕግ አንቀጽ 17 የእናትየው ቪዛ ምንም ይሁን ምን ለልጆቹ ሲሉ አብረው ሊያሳድሯቸው ይችላሉ። "ቪዛ" ሲሏችሁ "አንቀጽ 17" በሉ።

ነገር ፈላጊ፦ ይሄ ሁሉ ወረቀት ላይ ነው። ቦታ የለም፣ ወረፋ ነው።

ሸገር ማዶ፦ ቦታ ማነሱ ልክ ነህ። ግን ከ2021ዱ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ ወዲህ እንግሊዝ ውስጥ ካውንስሎች መጠለያ ለገቡ ሰዎች ድጋፍ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ለንደን ከሞላ ሌላ ከተማ ይፈልጉላታል፣ ለእሷም ራቅ ማለቱ ሳይሻል አይቀርም።

ጭንቅ ላይ፦ እያወራቻቸው ነው። መስመር ላይ ጠብቂ ብለዋታል።

ቡና ቁርስ፦ እስከዚያ ስልኳ ላይ ሎኬሽን አጥፉ። የልጁ ታብሌት ላይም፣ አባትየው የገዛው ከሆነ በተለይ።

ማሚ፦ ወንድም ምን ደረሳችሁ? ሦስት ቀን ሆነ እኮ ዝም አልክ።

ሕግ ቀመስ፦ ዝም ይበል። የት እንደገባች እዚህ አይጻፍም።