ሆቴል ውስጥ ዘመናዊ የሐበሻ እራት፦ ምን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆቴል ለረቡዕ ማታ፣ ለአራት ሰው ቦታ ልይዝ ነው። ሁለቱ ጿሚ ናቸው፣ አንዷ ግሉተን (ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) አይስማማትም። ደግሞ ሜኑው ላይ ከዋጋው ጎን ያሉት ሁለት የመደመር ምልክቶች ምንድን ናቸው?

መልስ፦ ሰርቪስ ቻርጅና ቫት አልተካተቱም ማለት ነው። መጀመሪያ 10 በመቶ ሰርቪስ ይጨመራል፣ ከዚያ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት። 1,000 ብር ያለው ምግብ 1,265 ይመጣል፤ 1,250 ብለህ እንዳትይዝ። ጉርሻ ከዚያ በላይ በፈቃድ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ «የጾም» ማለት ብቻ አይበቃም። ዘመናዊ አቀራረብ ላይ ሶሱ ውስጥ ክሬም፣ ማስዋቢያው ላይ አይብ ይገባል። ቦታ ስትይዝ ንገራቸው፤ ቁሌቱ ቀድሞ ስለሚሠራ አንዴ ቅቤ ከገባበት ማታ ማስተካከል አይቻልም። ዓሣን አንዳንዱ ጿሚ ይበላል፣ አንዳንዱ አይነካም፤ እንግዶችህን ቀድመህ ጠይቅ።

መልስ፦ እንጀራው ንጹህ ጤፍ መሆኑን አረጋግጥ። ገብስ ወይም ስንዴ የሚቀላቅል አለ፣ ገብስም ግሉተን አለው። እርሾው ራሱ ከድብልቁ የተረፈ ከሆነ ጤፉ ንጹህ መሆኑ ዋጋ የለውም፤ ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ሌላው፣ በትንንሹ ተጠቅልሎ ሳህን ላይ የሚደረደር እንጀራ ቶሎ ይደርቃል። ተጨማሪው ተሸፍኖ ይምጣ። ክትፎ ለብለብ የሚያዝ ካለ ሁሉም ሳህን ከቀረበ በኋላ ይውጣ፤ ከቀዘቀዘ ቅቤው ይረጋል።