በነጻ ነው የሄድነው እንዴ?

መንገደኛው፦ ድርጅቱ ዕቃውን ለማስተዋወቅ ባዘጋጀው የሽልማት ውድድር ቅዳሜና እሁዳችን መበላሸቱ ሳያንስ የዝግጅቱ አስተባባሪ «በነጻ ነገር ቅሬታ የለም» አለ አሉ። እስቲ እንነጋገርበት። ማስታወቂያው «ኑ፣ ተወዳደሩ፣ ተሸለሙ» ነበር የሚለው። ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘን ስንደርስ ተወዳዳሪዎቹ ቀድመው ተመርጠዋል። እናንተ ተመልካች ናችሁ ተባልን። ከመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ጀርባ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ቦታ ውስን ነው፤ ቅድሚያ በስልክ ለተመዘገቡ» ይላል። ፊደሉ ከማነሱ የተነሳ ለማንበብ ጠረጴዛው ላይ ማጎንበስ ነበረብኝ። ከዚያ ኮፍያ ታደለን። ካሜራው ወደ እኛ ሲዞር አንዲት ሠራተኛ እጇን ታነሳለች፣ እኛ እናጨበጭባለን። ድምፁ አልበቃም ተብሎ ደግመን አጨበጨብን። ያ ቪዲዮ ይኸው አሁን ማስታወቂያ ሆኖ እየታየ ነው።

የፕሮሞሽን ሰው፦ ድካምህ ይገባኛል ወንድሜ። ግን ሥራዬ ስለሆነ የማውቀውን ልናገር። ቦታ የማይወሰንበት ውድድር የለም። መግቢያ አልከፈላችሁም፣ ዕቃ ግዙ አልተባላችሁም። ታዲያ ምኑ ነው የተወሰደባችሁ? አስተባባሪው አነጋገሩ ሻካራ ነው እንጂ አልተሳሳተም።

ሕግ ተማሪ፦ «ምኑ ነው የተወሰደባችሁ» ላልከው፣ አሜሪካ ውስጥ ሽልማት፣ ዕድል እና ክፍያ ሦስቱ አንድ ላይ ከተገኙ ነገሩ ሎተሪ ይባላል፤ ሎተሪ ደግሞ ለግል ድርጅት ክልክል ነው። ድርጅቶቹ «መግዛት ግዴታ አይደለም» ብለው የሚጽፉት ክፍያውን ከመሃል ለማውጣት እንጂ ለደግነት አይደለም። ስለዚህ «ነጻ» የሚለው ቃል እነሱን የሚከላከል ነው። እኛን ዝም ለማሰኛ አልተሠራም።

የፕሮሞሽን ሰው፦ እሺ፣ የአውቶቡስ ትኬት ለድርጅቱ የተከፈለ ገንዘብ ነው ልትለኝ ነው?

ሕግ ተማሪ፦ አላልኩም። በሕግ መጠየቃቸው አንድ ነገር ነው፣ «ነጻ ነው» ብለው አፍ ማስያዛቸው ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አታደባልቅብኝ።

የልጆች እናት፦ እኔም እዚያው ነበርኩ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመድ ከርሞ «ስምህ የለም» ሲባል ፊቱን ማየት አቃተኝ። ይኼ ነጻ ነው?

ታዛቢ፦ እህቴ፣ ሳያረጋግጡ ልጅ ይዞ ሌሊት መንገድ መውጣትስ ልክ ነው? ስልክ ደውሎ መጠየቅ ምን ያስቸግራል?

የልጆች እናት፦ ደውዬ ነበር። የሚያነሳ የለም። ደግሞ ልጄን እንዴት እንደማሳድግ ማንም አልጠየቀኝም።

መንገደኛው፦ ታዛቢ፣ ወሬውን ወደ እናቶች አታዙረው። ጥያቄው አንድ ነው፦ በነጻ ነው የሄድነው እንዴ?

የቆየ ደንበኛ፦ እኔ እንኳ ይህን ድርጅት ዝም ብላችሁ ስታወርዱት ደስ አይለኝም። ዕቃው ጥሩ ነው፣ ሲበላሽ ይቀይራሉ። አንድ ዝግጅት ስለተበላሸ ስም ማጥፋት ተገቢ አይደለም። ደግሞ አሸናፊዎቹ ዘመዶቻቸው ናቸው የሚለው ሐሜት ከየት መጣ? ማስረጃ ያለው ያምጣ።

አጥር ዘላይ፦ ማስረጃ ባይኖረኝም ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። የምግብ ድርጅቱ ማክዶናልድስ ከሚሸጠው ምግብ ጋር የዕድል ቁራጭ ወረቀት በሚያድልበት የሞኖፖሊ ጨዋታ ላይ ውድድሩን የሚያስተዳድረው ኩባንያ የጥበቃ ኃላፊ ራሱ አሸናፊ ቁራጮቹን እየሰረቀ ለሚያውቃቸው ሰዎች ያስተላልፍ ነበር። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) የደረሰበት በ2001 ነው። ሽልማቱ ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

የቆየ ደንበኛ፦ ራስህ መለስከው። እዚያ ላይ የተሰረቀው ማክዶናልድስ ነው። ሌባው የውጭ ተቋራጭ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ እኛም ድርጅቱን ሳናውቅ አንወንጅል።

አጥር ዘላይ፦ ወንጅሉ አላልኩም። ተጠራጠሩ ነው ያልኩት።

የፕሮሞሽን ሰው፦ ይኸው ከርዕሱ ወጣን። ውድድር ማዘጋጀት ቀላል ይመስላችኋል። ፊሊፒንስ በ1992 ፔፕሲ 349 ቁጥር አሸናፊ ነው ብሎ ሲያውጅ 800 ሺህ ገደማ የጠርሙስ ክዳን ላይ ያው ቁጥር ታትሞ ተገኘ። ለአንድ አሸናፊ አንድ ሚሊዮን ፔሶ ነበር ቃል የተገባው። አመጽ ተነሳ፣ መኪና ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ። ፍርድ ቤቱ ግን መጨረሻ ላይ፣ በ2006፣ ለድርጅቱ ነው የፈረደው። ስህተት ማታለል አይደለም።

መንገደኛው፦ እነሱ ቁጥር ተሳሳቱ እንበል። የእኛዎቹ ምን ተሳሳቱ? «ኑ» ብለው ትልቅ አድርገው ጻፉ፣ «ቦታ ውስን ነው» የሚለውን ከጠረጴዛ ጀርባ ለጠፉ። ይህ ስህተት አይደለም፣ አቀማመጥ ነው። ስም ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላም ማስታወቂያው አልወረደም። ለምን? ሜዳው ባዶ ሆኖ እንዳይቀረጽ! ሕዝብ ያስፈልጋቸው ነበር፣ ሕዝቡን አገኙ። እኛ ነን ዝግጅቱ።

ሕግ ተማሪ፦ ትክክል። የቤት መጥረጊያ ማሽን አምራቹን የሁቨርን ታሪክ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በ1992 እንግሊዝ ውስጥ ከ100 ፓውንድ በላይ ዕቃ ለገዛ ሁለት የአውሮፕላን ትኬት በነጻ ብለው አወጁ። አብዛኛው ሰው በፎርሙ ብዛት ተሰላችቶ ይተወዋል ብለው ነበር የገመቱት። ሰው አልተሰላቸም። ወደ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ከሰሩ፣ በ1995 ደግሞ የአውሮፓው ክፍል ተሸጠ። ሰው ይደክመዋል ብሎ ማቀድ አዲስ ዘዴ አይደለም።

የፕሮሞሽን ሰው፦ ሁቨር ሰውን አላታለለም፣ ሒሳብ ነው ያጠፋው። ለማንኛውም እናንተ ኮፍያ ወስዳችኋል፣ ትርዒት አይታችኋል፣ ውላችሁ ገብታችኋል። አሁንም እላለሁ፣ በነጻ ነገር ቅሬታ የለም።

የልጆች እናት፦ ኮፍያውን መልሰን ብንልክ ምስላችንን ከማስታወቂያው ያወጣሉ? ልጄ እያጨበጨበ ይታያል። ሲቀርጹት ማንም አላስፈቀደኝም።

የቆየ ደንበኛ፦ ይህንኛው ግን ልክ አይደለም። ልጅ ሲቀረጽ ወላጅ መጠየቅ አለበት። እዚህ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ።

ታዛቢ፦ መግቢያው ላይ «ሲገቡ ለመቀረጽ ተስማምተዋል» የሚል አልነበረም?

መንገደኛው፦ እሱም በዚያው በትንሿ ፊደል ከሆነ አላየሁትም። ወረቀቱን ፎቶ ያነሳ አለ?

አጥር ዘላይ፦ እኔ አለኝ፣ ግን ግማሹ በመዝጋቢው ትከሻ ተሸፍኗል። የሚነበበው «ቅድሚያ» የሚለው ብቻ ነው።

የፕሮሞሽን ሰው፦ ቅድሚያ ማለት ሌላው አይገባም ማለት እኮ አይደለም።

መንገደኛው፦ ታዲያ ለምን አልገባንም?