ለትልቅ አደጋ አብሮ መሰልጠን ወይስ በየሙያ መሰልጠን? (ክርክር)

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው። ሕንፃ ሲደረመስ ወይም ቦምብ ሲፈነዳ ፖሊስ፣ እሳት አደጋና አምቡላንስ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። የሥልጠናው በጀት ሦስቱን በአንድ ላይ ለሚያሠራ ልምምድ ይዋል ወይስ እያንዳንዱ በሙያው እንዲበረታ? አቋሜን አልደብቅም፤ አብሮ መሰልጠን ግዴታ ይሁን ባይ ነኝ።

የእንግሊዟን ከተማ ማንቸስተርን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአንድ ኮንሰርት ማብቂያ ላይ ቦምብ ፈንድቶ 22 ሰዎች ሞቱ። አንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ ከአዳራሹ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም ነበር። ሠራተኞቹ አዳራሹ የደረሱት ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይተው ነው። ታጣቂ ይኖራል ተብሎ ስለተፈራ ራቅ ብለው እንዲሰባሰቡ ተደረገ። ተረኛው የፖሊስ አዛዥም ሥራ በዝቶበት በስልክ አልገኝ አለ። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ያውቃሉ። ያጡት የሚያገናኛቸውን ነው።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦
ሐዘኑ ይገባኛል። የአብሮ ልምምዱን ገመና ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ባለፈው ልምምዳችን ቀይ ቀለም የተቀቡ በጎ ፈቃደኞች ሣር ላይ ተኝተዋል። ሰዓቱም፣ ቦታውም፣ የቁስለኛው ብዛትም ቀድሞ ተነግሮናል። ካሜራ ነበር፣ ንግግር ነበር። አጠገቤ የነበረው ባለሙያ ደም ማስቆሚያውን ማሰሪያ ልል አድርጎ አሰረው። ሁለት ጣቴ ከሥሩ ገባ። ማንም አላረመውም፤ ደሙ ቀለም ነዋ! እውነተኛው ቀን ላይ እንዲህ የታሰረ ቁስለኛ በደቂቃዎች ውስጥ ያበቃለታል። መጀመሪያ እጃችን ይፍታታ።

ጥሪ ተቀባይ፦
እህቴ፣ እጅ ቢፍታታ ቃል ካልተግባባ ምን ዋጋ አለው? እኛ ጋ በተደረገ ልምምድ አንድ ፖሊስ በሬዲዮ «ቦታው ሰላም ነው» አለ። ታጣቂ የለም ማለቱ ነው። እሳት አደጋዎቹ ግድግዳው አይወድቅም ያለ መሰላቸው። አምቡላንሱ ደግሞ ግቡ ተባልን ብሎ ተንቀሳቀሰ። እንግሊዞች ለዚህ ሜቴን የሚሉት የመልእክት አሰጣጥ አላቸው። ትልቅ አደጋ መሆኑ ታውጇል ወይ፣ ትክክለኛው ቦታ፣ ዓይነቱ፣ የሚያሰጋው ነገር፣ መግቢያ መውጫው፣ የተጎጂው ብዛት፣ ማን ደርሷል ማንስ ይምጣ። ሁሉም በዚሁ ቅደም ተከተል ይናገራል። ይህን ብቻዬን ብለማመደው ምን ያደርግልኛል? ሰሚውም አብሮኝ መልመድ አለበት።

ጡረታ የወጣ አሰልጣኝ፦
አወያያችን ማንቸስተርን ሲያነሳ አንድ ነገር ዘለለ። እዚያ እኮ አብረው ሰልጥነዋል! አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ ትልቅ የጋራ ልምምድ ተደርጎ ነበር። ያኔም ተረኛው የፖሊስ አዛዥ በሥራ ተጥለቅልቆ ግንኙነቱ ተቋረጠ። ጉድለቱ ታየ፤ ሳይታረም ቦምቡ ቀደመ። እ.ኤ.አ. በ2004ም ከባድ አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ከተማ ኒው ኦርሊየንስን ቢያጥለቀልቅስ ተብሎ ልምምድ ተደረገ። በዓመቱ ካትሪና የተባለችው እውነተኛ አውሎ ነፋስ መጥታ ከተማዋን አጥለቀለቀች፤ የርዳታውን መዘበራረቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ልምምድ ተደረገ ሲባል ልባችሁ አይረፍ። ስንት ዓመት ሳሰለጥን የከበደኝ ልምምዱ አይደለም፤ ማግስቱ ነው። ሁሉም ወደየቢሮው ይመለሳል፣ የጉድለቱ ዝርዝር መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ዝርዝሩን ይዤ የአንዱን ኃላፊ በር ሦስት ጊዜ አንኳኩቻለሁ። አሁንም ያናድደኛል።

አወያይ፦
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ያንን መዝለል አልነበረብኝም። ከአቋሜ አልወርድም፣ ላስተካክለው ግን። ትልቁ ልምምድ በዓመት አንዴ ይበቃል። በየወሩ ደግሞ ተረኛ የፈረቃ ኃላፊዎችና ጥሪ ተቀባዮች ድንገት ተጠርተው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ። አለቆቹ ሳይሆኑ እነሱ! አደጋው የሚደርሰው ሌሊት በእነሱ ፈረቃ ሊሆን ይችላላ። መሃል ላይ የአዛዡን ስልክ ዝጉት። ማን ይወስናል? እዚያ የታየ ጉድለት ሁሉ ባለቤትና የመጨረሻ ቀን ይኑረው፤ የሚቀጥለው ወር ልምምድም ከዚያው ይጀምር። ነርሷ ያነሳችው የእጅ ሥልጠናም አይነካ፤ የጠረጴዛው ልምምድ ብዙ በጀት አይበላም።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦
እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። ቅሬታ ግን አለኝ፤ ሦስቱን ስትቆጥሩ ሆስፒታሉን ረሳችሁት። እ.ኤ.አ. በ1995 በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ሳሪን የተባለው መርዝ ሲለቀቅ ቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል በዚያው ቀን 640 ሰው ተቀበለ። አብዛኛው በአምቡላንስ አልመጣም፤ በእግሩም፣ በታክሲም፣ ባገኘው መኪናም ነው የደረሰው። መርዙ ምን እንደሆነ ሆስፒታሉ በጊዜ አላወቀም። ከበሽተኞቹ ልብስ እየተነነ ሠራተኞቹንም አሳመመ። እንዲህ ባለ ቀን በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ከዚያ ጠረጴዛ አንዱ ወንበር የድንገተኛ ክፍል ይሁን።