ማሻሻያው አላልቅ ያለ የሎጎ ሥራ፦ ልቀጥል ወይስ ውሉን ላፍርስ?

ጠያቂ (ባለቀለሟ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በግሌ የግራፊክ ዲዛይን ሥራ እየሠራሁ የምተዳደር ነኝ። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አንድ ደንበኛ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚከፍቱት ካፌ ሎጎ፣ የምግብ ዝርዝርና የበር ማስታወቂያ እንድሠራላቸው በስልክ ተስማምተን፣ የክፍያውን ግማሽ በባንክ አስገብተውልኝ ሥራውን ጀመርኩ። የማሻሻያው ብዛት ግን አልተወሰነም ነበር። አሁን እሳቸው የወደዱትን እዚህ ያሉት ወንድማቸው ይጥሉታል፤ ወንድማቸው ጀበና ካልገባበት ሲሉ፣ እሳቸው ደግሞ ጀበና የሌለበት ካፌ የት አለ፣ የእኛ ይለይ እንጂ ይላሉ። አስተያየቱ ሁሉ የሚመጣው በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ነው። እሳቸው ከሥራ የሚወጡበት የቀኑ 11 ሰዓት እዚህ ሌሊቱ 6 ሰዓት በመሆኑ፣ ወዲያው ካልመለስኩ ጠዋት ወቀሳ ይጠብቀኛል። በዚህ ላይ ቀሪው ክፍያ ሳይፈጸም የኢሉስትሬተር ፋይሉን (ሎጎው የተሠራበትን፣ እንደገና ሊስተካከል የሚችለውን ዋናውን ፋይል) እንድልክላቸው ጠይቀዋል። ገንዘባቸውን መልሼ ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ 1 (የድሮ ዲዛይነር)፦
እህቴ፣ ሥራውን ከመተውዎ በፊት የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ ያስወስኑ። ወንድማማቾቹ እርስ በርስ ያልጨረሱትን ጉዳይ እርስዎ በሎጎ ሊጨርሱላቸው አይችሉም። የድምፅ መልእክቱን ከሰሙ በኋላ በጽሑፍ አድርገው ይመልሱላቸው፤ ለምሳሌ «በተነጋገርነው መሠረት ጀበናው ወጥቶ የቡና ቅጠል ይገባል፤ እስከ ሐሙስ ድረስ በጽሑፍ ያረጋግጡልኝ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ የሐሳብ ለውጥ ክፍያው ለብቻው ይታሰባል» ብለው ይጻፉ። እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰው ብዙ ደንበኛ ቆም ብሎ ያስባል። የሚያሳዩትም ናሙና በላዩ ላይ ስምዎ የተጻፈበትና ጥራቱ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ዋናው ፋይል ክፍያው ካለቀ በኋላ ይደርሳል። የሌሊቱን ጉዳይ በተመለከተ፣ የሥራ ሰዓትዎን አሳውቀው ስልኩን ድምፅ አልባ ማድረግ ነው።

መልስ 2 (የሕግ ባለሙያ)፦
መተውን ካሰቡ አስቀድመው የተቀበሉት ገንዘብ ቀብድ (ውሉ መታሰሩን ለማረጋገጥ የሚሰጥ መያዣ) ነው ወይስ ቅድመ ክፍያ (ከዋጋው ላይ አስቀድሞ የሚከፈል) የሚለውን ይለዩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885 እንደሚደነግገው፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቅቆ፣ የተቀበለ ደግሞ እጥፉን መልሶ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። ስለዚህ በንግግራችሁ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ከሆነ የተቀበሉትን ብቻ መልሰው መገላገልዎ ያጠራጥራል። ቅድመ ክፍያ ከሆነ የእጥፍ ጉዳይ አይነሣም፤ ሆኖም ያለ በቂ ምክንያት ማቋረጥ የካሣ ጥያቄ ሊያስከትል ስለሚችል በስምምነት መለያየቱ ይመረጣል። የቅጂ መብት አዋጁም (ቁጥር 410/1996) በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት (ሥራውን አባዝቶ የመጠቀም መብት)፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአዛዡ ነው ይላል። ፋይሉን «የእኔ ነው» ብለው ከሚከራከሩ ይልቅ ርክክቡን ከቀሪው ክፍያ ጋር ቢያያይዙት ይሻላል።

መልስ 3 (ማተሚያ ቤት)፦
ከላይ የተባለውን አልቃወምም፤ ነገር ግን ደንበኛው ሁሉ ለማስቸገር ብሎ አያስቸግርም። ሎጎውን ያየው በስልክ ስክሪን ነው፤ በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ጥራቱ ይቀንሳል፣ ደማቁ አረንጓዴም ሲታተም ይደበዝዛል። እኛ ዘንድ ከክርክሩ ግማሹ የሚያልቀው ናሙናው በወረቀት ታትሞ ሲታይ ነው። የበር ማስታወቂያውን በትክክለኛ መጠኑ አሳትመው ወንድማቸውን ካፌው ደጃፍ ላይ ያሳዩአቸው፤ የቆሙበትን ፎቶ አንሥተውም ለደንበኛው ይላኩላቸው። የጸደቀው ናሙና ላይ ይፈርሙበት፤ ፊርማ የሌለበትን እኛም ማሽን ላይ አናወጣም። የምግብ ዝርዝሩን ዋጋ ደግሞ ወደ መጨረሻ ያቆዩት፤ ካፌው እስኪከፈት መለወጡ አይቀርም።

ጠያቂ (ባለቀለሟ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የባንክ ማስተላለፊያው ላይ «ለሎጎ ቅድመ ክፍያ» የሚል ተጽፏል። ለሁለቱም ወንድማማቾች አንድ መልእክት አዘጋጅቻለሁ፤ ወሳኙን ሰው እስከ ሰኞ ካላሳወቁኝ ሥራው ይቆያል የሚል ነው።

መልስ 2 (የሕግ ባለሙያ)፦
መልካም ነው። የማስተላለፊያውን ፎቶ ያስቀምጡት፤ የድምፅ መልእክቶቹንም አያጥፏቸው። «ይቆያል» የሚለውን «መልሳችሁ እስኪደርሰኝ በጊዜያዊነት ይቆያል» ቢሉት፣ ውሉን እንዳፈረሱ ተደርጎ አይተረጎምብዎትም።