አንድ ቆጣሪ፣ አምስት ተከራይ

ወገኖች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ቸግሮኝ ነው የምጽፈው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ግቢዬ ውስጥ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች አከራያለሁ። የሰፈሩን ስም አትዩ፤ እኔን ያቃጠለኝም የቧንቧው ሂሳብ ነው።

ቆጣሪው አንድ ነው። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም ይጨምራል። ስድስት ቤተሰብ እንደ አንድ አባካኝ ቤት እየተቆጠረ ውዱ እርከን ላይ ይወጣል። ኪራዩን ውሃ ጨምሬ ተዋውያለሁ፤ ሞኝነቴ።

ባለፈው ሌሊት ቧንቧውን ሁሉ ዘግቼ ቆጣሪውን በባትሪ አየሁት። ትንሿ ጎማ ቀስ እያለች ትዞራለች! የሆነ ቦታ ውሃ ይፈሳል ማለት ነው። ሽንት ቤቱን ፈተሽኩ፣ ደህና ነው። መሬት ውስጥ ይሆን? ቱቦው የአባቴ ዘመን ብረት ነው።

ሂሳቡን በእኩል ላካፍል ስል ብቻዋን የምትኖረው ተማሪ “እኔ ሳምንቱን በሦስት ጀሪካን ነው የምወጣው” አለችኝ። እውነቷን ነው። ጠላ የሚጠምቁት እማማ ግን በርሜል ሙሉ ይቀዳሉ። ቡናቸውን እየጠጣሁ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

ለየክፍሉ የውስጥ ቆጣሪ ያስገባችሁ አላችሁ? ግቢውን ሙሉ ሳልቆፍር ፍሳሹን የማገኝበት ዘዴስ?