እማዬን ወደ ዊንዘር፣ ስቶንሄንጅና ባዝ በአንድ ቀን? ምክር እፈልጋለሁ

ጠያቂ፣ ሰሜን ለንደን

ሰላም ወገኖች። እናቴ በሰኔ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው። ቪዛዋ ወጥቷል፣ ተመስገን። ባለፈው መጥታ ሁለት ወር ስትቀመጥ ያየችው ፊንስበሪ ፓርክን፣ ቤተክርስቲያንንና የኔን ኩሽና ብቻ ነው። አገር ቤት ስትመለስ «እንግሊዝ እንዴት ነው?» ሲሏት «ቤት ውስጥ ይሞቃል» አለቻቸው። አፈርኩ።

ዘንድሮ ገጠሩን ላሳያት ብዬ አንድ የቀን ጉዞ አገኘሁ። በ16 ሰው ሚኒባስ ነው። ዊንዘር (ቤተ መንግሥቱ)፣ ስቶንሄንጅ (ጥንት የተተከሉት ድንጋዮች)፣ ባዝ (የሮማውያን መታጠቢያ ያለበት ከተማ)፣ ማታ ለንደን። ከትልቁ አውቶቡስ በዋጋ ይወደዳል። ያዋጣል? 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። የሰኔ ጾምንም አትፈታም። የሄዳችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

መላሽ፣ ሬዲንግ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ይህን መንገድ ሦስት ጊዜ ሄጄበታለሁ። አንዴ በትልቁ አውቶቡስ፣ ሁለቴ በሚኒባስ። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ቁጠሪ። ከለንደን ዊንዘር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዊንዘር ስቶንሄንጅ አንድ ሰዓት ተኩል። ከዚያ ባዝ አንድ ሰዓት። ከባዝ ለንደን ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ኤም 4 የሚባለው አውራ ጎዳና ከተጨናነቀ ደግሞ ሦስት። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ተነስታችሁ ማታ 1 ሰዓት ብትገቡ 11 ሰዓት ነው። ስድስቱ መንገድ ላይ ያልቃል። የቀረውን አምስት ሰዓት ለሦስት ቦታ አካፍዪው። ምሳውም፣ ሽንት ቤቱም፣ ሰልፉም ከዚያችው ላይ ነው የሚወጣው።

በትልቁ አውቶቡስ የሄድኩ ጊዜ 50 ሰው ነበርን። ወርደን እስክንሰበሰብ፣ ተቆጥረን እስክንገባ ቀኑ መሸ። ዊንዘር ላይ አንድ ቤተሰብ ጠፍቶ 25 ደቂቃ ቆመን ጠበቅን። ባዝ ስንደርስ የቀረን አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር። በሚኒባስ ይሄ ጣጣ የለም። ሹፌሩ ራሱ አስጎብኚ ነው፣ ስምሽን ያውቃል፣ እናትሽ ሲወርዱ እጃቸውን ይይዛል። ለጉልበታቸው ስትይ ልዩነቱን ክፈዪ። ሦስቱን ቦታ በአንድ ቀን ግን አልመክርሽም። ምክንያቴን ልንገርሽ።

ይህ መንገድ የፈረንጅ ታሪክ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ማቆሚያ ላይ የእኛ ሰው አሻራ አለ። አስጎብኚዎቹ አይነግሩሽም። ሦስቱም ጊዜ አልነገሩኝም።

ዊንዘር ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አለ። የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ያረፈው እዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ሲወርዱ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁ እናትም አባትም ሳይኖረው መርከብ ላይ ወጣ። ንግሥት ቪክቶሪያ አዘነችለት፣ ወጪውን መንግሥት ቻለ። ቼልተንሃም ተማረ፣ ከዚያ ራግቢ፣ ከዚያ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። እ.ኤ.አ. በ1879 ሊድስ ውስጥ ታሞ ሞተ። 18 ዓመቱ ነበር።

መቃብሩ ከጸሎት ቤቱ ውጭ፣ ከመሬት በታች ነው፣ ለጎብኚ አይከፈትም። ውስጥ ግን የነሐስ ሰሌዳ አለ። የተጻፈበት ቃል ከማቴዎስ ወንጌል ነው፦ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና»። መጀመሪያ ሳነበው የተናደድኩትን ንዴት ዛሬም አልረሳውም። ማን ጠርቶት ነው እንግዳ የሆነው? አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ ተብሎ ስንቴ ተጠየቀ። በ2023 ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን መቃብር ሳይነኩ ማውጣት ያስቸግራል ብሎ መልሷል።

ሰሌዳውን ለማየት ቀን ምረጪ። ዊንዘር አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞና ረቡዕ ዝግ ነው። እሁድ ቤተ መንግሥቱ ክፍት ቢሆንም ጸሎት ቤቱ ለጎብኚ ዝግ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ይሸወዳል። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ወይም ሰኞ ሂዱ። ሹፌሩን ጠዋት ስትሳፈሪ «ጸሎት ቤቱ የግድ ነው» በዪው። ትልቅ አውቶቡስ ላይ ይህን ብትዪ ይስቁብሻል።

ባዝ ላይ ያለው ጃንሆይ ናቸው። ጣሊያን አገር ሲይዝ ተሰደው እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 የኖሩት ፌርፊልድ ሃውስ በሚባል ቤት ነው። በ1958 ቤቱን ለከተማዋ አረጋውያን ሰጡት። እስካሁን ቤቱ አለ፣ ሽማግሌዎችም ይሰበሰቡበታል። ችግሩ ከመሃል ከተማው ወጣ ይላል። ቱሩ በሚሰጥሽ ሁለት ሰዓት ሮማውያኑ የሠሩትን መታጠቢያ አይተሽ ወደዚያ መሄድ አይታሰብም። ሁልጊዜም ክፍት አይደለም፣ አስቀድመሽ ቀኑን ጠይቂ።

የሮማውያኑን መታጠቢያ እናትሽ ይወዱታል። ፍልውሃ ማለት ነው እኮ። ውሃው ከመሬት በ46 ዲግሪ ሙቀት ይወጣል፣ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ። እኔ እናቴን ስወስዳት «ታዲያ መታጠብ ለምን ከለከሉ? ጠበል ታይቶ ብቻ ይኬዳል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በጥንቱ መታጠቢያ መግባት ክልክል ነው፣ ለመታጠብ አጠገቡ አዲስ ቤት ተሠርቷል።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ፦ ዊንዘርና ስቶንሄንጅን ብቻ የያዘ ቱር ፈልጊ። ባዝን ሌላ ቀን ከፓዲንግተን በባቡር ሂዱበት፣ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋሉ።

ስለ ስቶንሄንጅ ብዙ የምለው የለኝም። አክሱምን ያየ ሰው መጀመሪያ «ይቺን ነው?» ማለቱ አይቀርም። ከድንጋዮቹ መሃል አትገቢም፣ በገመድ ዳር ዳሩን ነው የምትዞሪው። ግን ዕድሜውን አስቢው፣ ትልልቆቹ ከተተከሉ 4500 ዓመት ገደማ ነው። ትልልቆቹ በአማካይ 25 ቶን ይመዝናሉ። ትናንሾቹ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከዌልስ ነው የመጡት፣ ያለ ጎማ። መሃል የተኛው ደግሞ ከሰሜን ስኮትላንድ መምጣቱ በ2024 ታወቀ። ከመግቢያው እስከ ድንጋዮቹ ሁለት ኪሎ ሜትር አለ፣ አውቶቡስ ያመላልሳል። እናትሽን በእግር አታስሞክሪያቸው። ሰኔ 13 እና 14ን ደግሞ ሽሹ። ፀሐይ ረጅሙን ቀን የምትውልበት ስለሆነ በሺህ የሚቆጠር ሰው እዚያው ያድራል።

ሹፌር፣ ብሪስቶል

ሰላም። እኔ ይህን ሥራ ስድስት ዓመት ሠርቼዋለሁ። ሰው የማያውቀውን ትንሽ ልጨምር።

ለምን 16 ሰው? ብዙ ሰው ለምቾት ተብሎ ይመስለዋል። ዋናው ምክንያት መንጃ ፈቃድ ነው። ዲ1 የሚባለው ፈቃድ የሚያስነዳው እስከ 16 ተሳፋሪ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ የትልቅ አውቶቡስ ፈቃድ ይጠየቃል።

ሌላው፣ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳን 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታችን ነው። ሰዓቱን የሚመዘግብ መሣሪያ መኪናው ላይ አለ። ተሳፋሪ «አንድ መንደር ጨምርልን» ሲለኝ እምቢ የምለው ክፋት ይዞኝ አይደለም።

እህቴ፣ ዋናውን ግን ስሚኝ። ሚኒባስ ላይ ሽንት ቤት የለም። ትልቁ አውቶቡስ ላይ ብዙ ጊዜ አለ። እናትሽ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጠዋት ለሹፌሩ በጆሮው ንገሪው። ሰርቪስ በሚሉት የመንገድ ዳር ማረፊያ ላይ ይቆምልሻል። እኛ የምንናደደው ሰው ዝም ብሎ ቆይቶ አውራ ጎዳና መሃል ላይ ሲናገር ነው። ከፊት ወንበር ያዙ፣ ወደ ኋላ ያናውጣል።

ገጠር ማየት ከሆነ ፍላጎትሽ ደግሞ ለምን ኮትስወልድስ አትሄዱም? የማር ቀለም ባለው ድንጋይ የተሠሩ መንደሮች ናቸው። ባይበሪ፣ ቦርተን፣ ካስል ኩም። አገሩ በመካከለኛው ዘመን በበግ ሱፍ የከበረ ነው፣ በየትንሹ መንደር ካቴድራል የሚያክል ቤተክርስቲያን የምታዪው በሱፍ ገንዘብ ተሠርቶ ነው። መንገዱ ግን አህያ ከነጭነቷ የማታልፍበት ነው። ትልቅ አውቶቡስ ሲገባ መንደርተኛው ይቆጣል። እዚያ ሚኒባስ የግድ ነው።

ከባልንጀራ፣ ከማኅበር 14 ሰው ከሞላችሁ ደግሞ መኪናውን ከነሹፌሩ ተከራዩ። ሒሳቡ ለየብቻ ትኬት ከመግዛት ብዙም አይርቅም። የምትቆሙበትን እናንተ ትወስናላችሁ። ፌርፊልድ ሃውስ ደጃፍ ድረስ ትደርሳላችሁ።

መላሽ፣ ሊድስ

ልዑል ዓለማየሁ የሞተው እኛ ሰፈር ሄዲንግሊ ነው። የክሪኬት ሜዳው አካባቢ ማለቴ ነው። ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ስለ ጾሙ ልናገር ብዬ ነው የገባሁት። «ቺፕስ ድንች ነው፣ ችግር የለውም» እንዳትዪ። በተለይ ወደ ሰሜን ስትመጡ ብዙ ቤት በበሬ ጮማ ነው የሚጠብሰው። እኔ ዊትቢ ላይ ፍልሰታን በላሁበት። አሁን «በምንድን ነው የምትጠብሱት?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ አያፍሩም፣ ይነግሩሻል። በምድጃ የተጋገረ ድንች በባቄላ ያለ ቅቤ እዘዢ። ቅቤውን ሳትጠይቂ ነው የሚጨምሩት፣ ስለዚህ ደግመሽ ንገሪያቸው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ዳቦና ሽሮ ፍትፍት በሳህን ይዞ መሄድ ነው። ዊንዘር ከወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ሞልቷል።

ጠያቂ፣ ዋሽንግተን

ይቅርታ፣ ልግባበት። ከባለቤቴ ጋር በነሐሴ ለንደን እንመጣለን። ይህንኑ ቱር ልንይዝ አስበናል። እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ፣ እሷ ግሪን ካርድ ነው ያላት፣ ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነው። ከቱሩ ሌላ ዌልስም ብንሻገር ይጠይቁናል?

መላሽ፣ ሬዲንግ

ወንድሜ፣ እንግሊዝ ከገባችሁ በኋላ ዌልስም ስኮትላንድም በመንገድ ማንም አይጠይቃችሁም። መግቢያው ላይ ግን ተጠንቀቅ። አንተ ኢቲኤ የሚሉትን ፈቃድ በስልክ ታወጣለህ፣ ከጥር 2025 ጀምሮ ለአሜሪካ ፓስፖርት ግዴታ ሆኗል። ባለቤትህ ግን ግሪን ካርዷ አያስገባትም፣ ሙሉ ቪዛ ያስፈልጋታል። ሰው በዚህ ኤርፖርት ላይ ቀርቷል። ቱሩን ከመክፈልህ በፊት ቪዛዋን ጨርሱ።

መላሽ፣ ደቡብ ለንደን

እኔ ለዊንዘር ትኬት ገንዘብ መክፈል ያንገበግበኛል። ልጃችንን ይዘው ለማየትም አስከፍለውን? አልከፍልም። የሚሄድ ይሂድ።

መላሽ፣ ሬዲንግ

ስሜትህ ይገባኛል። አንድ ዘዴ አለ። ለጸሎት የሚመጣ ሰው አይከፍልም። እሁድም ይሁን ለማታ ጸሎት ስትመጣ በነጻ ያስገቡሃል። መዞር ግን አይፈቀድም፣ ቁጭ ብለህ ጸልየህ ትወጣለህ። እኔ አንድ እሁድ እንደዚያ አድርጌያለሁ። ሰሌዳውን በቅርብ አላየሁትም፣ ግን አልቆጨኝም።

መላሽ፣ በርሚንግሃም

ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚሉትን የመንግሥት ድጎማ የምታገኙ ካላችሁ የለንደኑን ታወርና የሃምፕተን ኮርትን ቤተ መንግሥት በ1 ፓውንድ ታያላችሁ። አትፈሩ፣ በር ላይ ማንም አያፈጥባችሁም። ልጆቼን የወሰድኳቸው እንደዚያ ነው።

ጠያቂ፣ ሰሜን ለንደን

ወገኖች፣ ሄደን ተመለስን። ያላችሁኝን ሰማሁ፣ ዊንዘርና ስቶንሄንጅ ብቻ፣ ሐሙስ ቀን፣ በሚኒባስ። 13 ሰው ነበርን። ሹፌሩን ጠዋት ስለ ጸሎት ቤቱ ነገርኩት። ስለ ዓለማየሁ ጭራሽ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ዊንዘር እስክንደርስ እየነዳ ሲጠይቀኝ ነበር፣ ሌሎቹም ዝም ብለው ይሰማሉ። ሦስት ሰው አብሮን ሰሌዳው ጋ መጣ።

እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ቆመች። ጽሑፉን ተረጎምኩላት። «እናቱስ የት ተቀበረች?» አለችኝ። መንገድ ላይ እንደሞተች ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ስቶንሄንጅ እስክንደርስ ብዙ አላወራችም።

ሽንት ቤቱን በጆሮው ነግሬው ሁለት ጊዜ ቆሞልናል፣ የብሪስቶሉ ወንድማችን እግዜር ይስጥህ። ፍትፍቱን ወንዝ ዳር በላን። አንዲት የካናዳ ሴትዮ ቀምሳ ስሙን በስልኳ ጻፈች።

ስቶንሄንጅ ላይ ዝናቡም ፀሐዩም ንፋሱም በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ዌልስ፣ ስለ 25 ቶን ያጠናሁትን ሁሉ ልነግራት ጀመርኩ። እሷ ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ ሜዳውን ታያለች። መንዝ ነው የተወለደችው፣ በግ ጥበቃ ላይ ያደገች ሰው ናት። አጥሩ ማዶ ሁለት መቶ የሚሆን በግ ተበትኖ ይግጣል፣ ሰው የለም፣ ውሻ የለም።

«ድንጋዩን ተዪውና» አለችኝ፣ «የነዚህ በጎች እረኛ የት ሄዶ ነው?»

እረኛ የላቸውም፣ አጥር ነው ያላቸው አልኳት። አላመነችኝም። ሹፌሩን ጠይቂልኝ አለች፣ ጠየቅኩላት፣ እሱም ያንኑ አለ። ስልኳ ላይ የድንጋዩ ፎቶ ሁለት ነው፣ የበጎቹ ግን ሠላሳ ምናምን። መንዝ ላሉት እህቶቿ ልካላቸው ከትናንት ጀምሮ ስልኩ አላረፈም።

ባዝን የፊታችን ማክሰኞ በባቡር እንሄዳለን። ፌርፊልድ ሃውስ ክፍት መሆኑን ደውዬ አረጋግጫለሁ።