ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ እሠራለሁ፤ ቪትዝ ልግዛ ወይስ ዲዛየር?

ጠያቂ፦ የሆጤው

ሰላም ጀመዓው፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ምክር ፈልጌ ነው።

ቤቴ ደሴ ሆጤ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። በሳምንት 5 ቀን በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ጠዋት ወረፋ፣ ማታ ወረፋ፤ ክረምት ሲሆንማ ተዉት። እኔና ባለቤቴ ለዓመታት ያጠራቀምናት ገንዘብ አለች። ዘንድሮ መኪና እንግዛባት አልን።

አቅማችን የሚፈቅደው ትንሽ መኪና ነው። ሁለት አይተናል። አንዱ ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ፣ አውቶማቲክ። ሌላው ባለ 1,200 ሲሲ ሱዙኪ ዲዛየር፣ ማንዋል። ዋጋቸውን አልጽፍም፤ እናንተ እስክታነቡት ይቀየራል። ዲዛየሩ ትንሽ ወደድ ይላል።

ጭንቀቴ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣው የሐረጎ ዳገት ነው። አጎቴ «ይቺ ጣሳ ሐረጎን አትወጣም፤ ብትወጣም ሞተሯን አራግፋ ነው» ብሎ ቤቱን ለሁለት ከፍሎታል። ባለቤቴ ደግሞ «ታዲያ በየቀኑ የምናየው ቪትዝ በሄሊኮፕተር ነው የሚወጣው?» ትለዋለች። በዚያ ላይ በወር አንዴ ልጆቹን ይዘን ወላጆቼ ጋ፣ ወደ ኩታበር ገጠር እንሄዳለን። የመንገዱ መጨረሻ ድንጋይ ነው። ስንመለስ ጤፍ ሳይጫንልን አንቀርም።

የነዳችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ከልምዳችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ የሸዋ በሯ

በቅድሚያ መብሩክ፣ ወንድሜ። እኔ ያንተኑ ዓይነት ቪትዝ 4 ዓመት ነድቻለሁ። ሐረጎን ትወጣለች፣ አብሽር። ግን አወጣጧን ልንገርህ።

ብቻህን ስትሆን ምንም አይመስልህም። 4 ሰው ጭነህ ኤሲ ከከፈትክ ግን መጮህ ትጀምራለች። ነዳጁን ትረግጣለህ፣ ድምፁ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ያው ነው። እኔ ዳገቱ ላይ ኤሲ አጠፋለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ ቀኜን ይዤ እወጣለሁ። ከፊትህ ሲኖትራክ ካለ ታገሥ። እሱን ልቅደም ብለህ ተቃራኒው መስመር ላይ ከወጣህ በኋላ ጉልበት ሲያጥርህ የሚሰማህን ስሜት ለጠላቴም አልመኝም። አንዴ ደርሶብኛል፤ ሁለተኛ አልሞከርኩም።

ከተማ ውስጥ ግን ንግሥት ናት። ፒያሳ ሌላው ማቆሚያ ሲፈልግ ሲዞር እኔ ባጃጅ ለቆት የሄደው ቦታ ላይ እገባለሁ። ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ላይም እንደ ልብህ ትዞራለች።

መልስ፦ ሒሳብ ወዳጅ

አጎትህ ግማሽ እውነት አላቸው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 1 በመቶ ያጣል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 70 የፈረስ ጉልበት የተባለው ቪትዝ ደሴ ላይ 52 ገደማ ነው የሚሰጥህ። የዲዛየሩ 83 ደግሞ ወደ 62 ይወርዳል። ትልቅ መኪናም ቱርቦ ከሌለው በዚሁ መጠን ይደክማል፤ ልዩነቱ ከመነሻው ብዙ ስላለው ነው።

ክብደቱንም አስላው። ሁለታችሁ፣ 2 ልጆችና አንድ ኩንታል ጤፍ ወደ 300 ኪሎ ትጠጋላችሁ። የመኪናዋን ሲሶ ያህል ጫንክባት ማለት ነው። ጤፉን በግማሽ ኩንታል ይወስኑልህ።

ነዳጅ፦ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ብንል፣ በወር 22 የሥራ ቀን 1,100 ኪሎ ሜትር ነው። በሊትር 15 የምትሄድ መኪና 73 ሊትር ትጠጣለች፤ 12 የምትሄድ 92። የ18 ሊትር ገደማ ልዩነት ከገንዘቡ ይልቅ በማደያ ወረፋ ነው የሚገባህ።

መልስ፦ መካኒክ ከኮምቦልቻ

ሁላችሁም ስለ መውጣት ነው የምታወሩት። እኔ ጋራዥ በሐረጎ ምክንያት የሚመጣው መኪና አብዛኛው ግን ሲወርድ የተጎዳ ነው።

አንደኛ፣ በፎሌ (ማርሽ አውጥተህ) አትውረድ። «ነዳጅ ይቆጥባል» የሚሉህ የካርቡራተር ዘመን ሰዎች ናቸው። የዛሬ መኪና በማርሽ ሆኖ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጭራሽ ይዘጋዋል። ፎሌ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መስጠት አለበት። ስለዚህ ፎሌ ነዳጅም አይቆጥብም፣ ፍሬንም ይበላል። በወጣህበት ማርሽ ውረድ። አውቶማቲኩ ከሆነ ከዲ ወደ 2 ወይም ወደ ኤል አውርደው። ሲቪቲ (የማርሽ ደረጃ የሌለው አውቶማቲክ) ከሆነ ብዙ ጊዜ ቢ የሚል ታያለህ፤ እሱ ለዚህ ነው የተሠራው። ሞተሩ ሲጮህ አትደንግጥ፣ መኪናውን እየያዘልህ ነው።

ፍሬኑን እየረገጥክ እየረገጥክ ከወረድክ ሸራው ይግላል፣ ዘይቱም ይግላል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ያረጀ ዘይት ሲግል ይፈላና ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል፤ ትረግጣለህ፣ እግርህ ዝም ብሎ ይገባል። ባለቤቱ መቼ እንደቀየረው ካላወቀ ገዝተህ በመጀመሪያው ሳምንት ቀይር። ከዚያ በየ2 ዓመቱ።

ሁለተኛ፣ ውሃ። ብዙ ቪትዝ የሙቀት ቀስት የለውም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ መብራት፣ ሲግል ቀይ፣ በመሃል ምንም። ቀዩ ሲበራ ረፍዷል። ደሴ ላይ ደግሞ ተራ ውሃ 100 ሳይሆን 91 ወይም 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ራዲያተሩን የሚያድነው ግፊቱን የሚይዘው ክዳንና ኩላንት ነው። በቧንቧ ውሃ እየሞላ የሚነዳ ሰው ክዳኑም ላልቶበት ከሆነ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) መብላቱ አይቀርም። ያኔ ቴስታ (የሞተሩ ራስ) ይወርዳል፣ አንተም ወደ ሚኒባስህ ትመለሳለህ።

ስትገዛ እንዲህ አድርግ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ሂድ። «አሙቄ ጠበቅኩህ» ካለህ ጠርጥር። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ (ሲግል እንዳትነካው፣ ፊትህን ያቃጥልሃል) የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ እይ። የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ካለ ተወው። ከዚያ 4 ሰው ጭነህ ሐረጎን አስወጣው። እላይ ስትደርስ ሳታጠፋው 5 ደቂቃ አቁም። ማራገቢያው ተነስቶ መልሶ መጥፋት አለበት። ስትወርድ ሽታ አሽትት። ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር ነድቶ የገዛ ሰው መኪና አልሞከረም።

መልስ፦ ባለ ዲዛየር

አያ መካኒክ ጨረሱት። እኔ ስለ ዲዛየር ብቻ ልጨምር።

ከመሬት 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ቪትዝ ከዚያ ዝቅ ይላል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ኩታበር ገጠር ድንጋይ ላይ ሆድህን ይመታሃል ወይም አይመታህም። ጤፍ ከጫንክ ሁለቱም ይወርዳሉ። የኋላ ዕቃ መጫኛው የዲዛየር ሰፊ ነው። ቪትዙ ላይ ለጤፉ ወንበር ማጠፍ አለብህ፤ ልጆቹን የት ልታደርግ ነው?

ችግሩ? ቆርቆሮው ስስ ነው። በር ስትዘጋ ራስህ ትሰማዋለህ። ንፋስ ያለበት ሜዳ ላይ ሲኖትራክ ሲያልፍህ ትወዛወዛለህ። መለዋወጫም እንደ ቪትዝ በየሱቁ አታገኝም። የቪትዝ ዕቃ ደሴ ሞልቷል፣ የዲዛየር አንዳንዱን ከአዲስ አበባ አስልኬያለሁ። ማንዋል ስለሆነ ደግሞ ደሴ ዳገት ላይ ስትነሳ በእጅ ፍሬን ተነሳ። በፍሪሲዮን ይዘህ የምትቆም ከሆነ በዓመቱ ትቀይረዋለህ።

መልስ፦ የአጎትህ ወገን

እኔ አጎትህን እደግፋለሁ። በዚያ ገንዘብ ደህና የድሮ ኮሮላ ይገኛል። ብረት ብረት ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ የሚሄደውና ከጅቡቲ የሚመለሰው ከባድ መኪና ሁሉ ከአንተ ጋ ነው የሚጋፋው። ከነሱ ጋ በጣሳ? እኔ ልጆቼን አልጭንም።

መልስ፦ የሸዋ በሯ

ጋሼ፣ አክብሬ ልቃወምዎት። ሲኖትራክ ሲመጣ የድሮው ኮሮላም ጣሳ ነው። ኤርባግ የለውም፣ ኤቢኤስ የለውም። ቢያንስ ቪትዙ ላይ ኤርባግ አለ። (ግን ወንድሜ፣ የኤርባግ መብራቱ ቁልፍ ስትከፍት በርቶ መጥፋቱን አረጋግጥ። ተነስቶ ባዶ ክዳን የተለጠፈበት አይቻለሁ።)

መልስ፦ በቻርጅ የምሄድ

ማንም ስላላነሳው ልበል፤ ኤሌክትሪክስ? ከ2016 ወዲህ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ከፍታ ኤሌክትሪክ ሞተርን አያደክመውም፣ ስለዚህ ሐረጎ ለሱ ሜዳ ነው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለውን የ650 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ከተለመደው ፍጆታው ላይ ወደ 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨምራል፤ ሲወርድ ከዚያ ጥሩ ድርሻ መልሶ ባትሪው ውስጥ ያስገባል።

አንድ ነገር ብቻ፦ ቤትህ ላይ ነው፣ ሥራህ ታች። ማታ 100 በመቶ ሞልተህ ጠዋት ብትወርድ ባትሪው የሚመለሰውን ኃይል የሚያስገባበት ቦታ የለውም፣ በፍሬን ትወርዳለህ። 85 ላይ አቁመው። መብራት ሲጠፋና ራቅ ያለ መንገድ ሲመጣ ግን እኔም እጨነቃለሁ፤ አልዋሽህም።

ጠያቂ፦ የሆጤው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኤሌክትሪኩ ካቅማችን በላይ ሆነ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የቪትዙን ደላላ «4 ሰው ጭነን ሐረጎን እናስወጣት» አልኩት። «ምን በወጣህ! እዚሁ አስፋልት ላይ ሞክራት» አለኝ። ሁለቴ ለመንኩት። ሁለቴም እምቢ። ተውኩት።

የዲዛየሩ ባለቤት ግን ቁልፉን ሰጥቶኝ ራሱ ከኋላ ገባ። አጎቴንም ይዣቸው ነበር፤ እሳቸው ብቻቸውን ኩንታል ናቸው። እየተነጫነጩ ገቡ። በ2ኛና በ3ኛ ማርሽ ወጣን። እላይ 5 ደቂቃ አቆምን፣ ማራገቢያው ተነሳ፣ ጠፋ። ስንወርድ በ2ኛ ያዝኩት፣ ሽታ የለም። ዞር ስል አጎቴ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

አንድ ነገር አሳሰበኝ። ዳገት ላይ በ3ኛ ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን ወዲያው አይከተለውም። ፍሪሲዮኑም ከላይ ነው የሚይዘው። አያ መካኒክ፣ ምን ይላሉ?

መልስ፦ መካኒክ ከኮምቦልቻ

ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ እየተንሸራተተ ነው። ለመግዛት አያስፈራም፣ ለዋጋ ግን ጥሩ ወሬ ነው። ዲስኩን ብቻ ሳይሆን ከነፕሬሱና ከነኩሽኔታው በአንድ ላይ የሚቀየርበትን ዋጋ ጠይቅ፣ የእጅ ዋጋ ጨምር፣ ያንን ከሂሳቡ ላይ አስቀንስ። እንዲሁም ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ላይ ካለው ጋር ራስህ አመሳክር፤ ደላላ አያንብብልህ። ቦሎውንም እይ።

ገዝተህ ሆጤ ስታቆመው የእጅ ፍሬኑን ብቻ አትመን። ማርሽ አስገባ፣ ጎማውን ወደ ጠርዙ አዙር፣ ድንጋይ አስደግፍ። ሰኞ ከሥራ መልስ ጋራዥ ብቅ በል፣ የፍሬን ዘይቱን እናየዋለን።